ማዕረግ የማያውቀው ቅንቅን

የሰው ልጅ አይጥን በ3 ማዕረግ ከፍሎ ያኖራል። የመጀመሪያዋ ጎተራ የምትሰረስር፣ ጆንያ የምትበሳ፣ መጽሐፍና ጫማ ሳትለይ የምታላምጥ፣ በወጥመድም በመርዝም በድመትም ስትሳደድ የምትኖረው ሌባዋ አይጥ ናት። ሁለተኛዋ በቤተ ሙከራ ተወልዳ፣ ስለ ሰው ጤና ሲባል ታማ፣ ስለ ሰው ጤና ሲባል የምትሞተው ነጯ አይጥ ስትሆን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ በሩቅ አገር የክርስትና ስም የሚመስል ስም ወጥቶላት፣ በሽቦ ቤት ውስጥ መሰላልና መኝታ ተሠርቶላት፣ ማታ ማታ በጌታዋ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ቴሌቪዥን የምታየው እመቤቲቱ አይጥ ናት። አይጦቹ ራሳቸው ይህን ማዕረግ ይወቁት አይወቁት ለጊዜው ይቆይና፣ ፈጽሞ የማያውቀውና ለማወቅም የማይጓጓ አንድ ፍጡር ግን አለ፤ እርሱም ቅንቅን ነው።

ቅንቅን ሲባል በዚህ ጽሑፍ የሚታሰበው፣ የእንስሳት ሐኪሞች ማይት የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ባለ 8 እግር ጥገኛ ተባይ ነው። ቁንጫና ቅማል 6 እግር ስላላቸው ከነፍሳት ወገን ሲቆጠሩ፣ ቅንቅን ግን ዘመዶቹ መዥገር፣ ሸረሪትና ጊንጥ ናቸው፤ ይህ የዘር ቆጠራ ለታከከ ሰው ምንም እፎይታ አይሰጥም፤ የሚጠቅመው መድኃኒት ሲመረጥ ነው። ለጀማሪ ሊቅ ፈተና እንዲሆንም ከእንቁላል የወጣ የቅንቅን እጭ በ6 እግር ይጀምርና ቆዳውን ገፍፎ ሲያድግ ሌሎቹን 2 ይጨምራል።

ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ሦስተኛዋ አይጥ በደንብ አትታወቅም። የከተማዪቱ ሰው ድመትን ያከብራል፣ ፍየልን በግቢው ያሳድራል፣ ርግብን ያረባል፤ አይጥ ግን በእስልምና ትውፊት፣ በተከበረው የመካ ክልል ውስጥ እንኳ ብትገኝ መገደሏ ከተፈቀደ 5 ጎጂ እንስሳት አንዷ ተብላ ስለ ተቆጠረች፣ ጠበቃ ለማቆም የሚደፍርላት የለም። በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች ለዓመታት የኖረው ሐበሻም ቢሆን ከአገሩ ይዞት የሄደው ተረት የሚያዝንላት አይደለም፤ ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሆና መቅረቷን፣ ልትሞት ያለች አይጥም የድመት አፍንጫ ማሽተቷን ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል። ስለዚህ በዴም አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ አይጥ በትከሻው አስቀምጦ ጀበና የሚጠብቅ ደንበኛ ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ስኒ ሳይቀዳ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ይሆናሉ፤ ምናልባትም ቄስና ሼክ በአንድ ጊዜ ይጠሩለታል።

የሚያስገርመው ግን ይህችው አይጥ የማታፈቅር ከተማና አካባቢዋ፣ የዛሬዋን እመቤት አይጥ ከሚያሳክኳት ተባዮችና ከነርሱ ጋር ከሚጓዙት በሽታዎች መካከል አንዳንዶቹ መጀመሪያ ለሳይንስ የተመዘገቡባቸው ቦታዎች መሆናቸው ነው። አይጥ አፍቃሪዎቹ በእንግሊዝ ሆኑ፤ የአይጥ ተባይ ሊቃውንቱ ግን ተባዩን ሊፈልጉ ዓባይን ተከትለው ወረዱ።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1901 ይጀምራል። በዚያ ዓመት ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በአይልስበሪ ከተማ፣ ትንንሽ አይጦችን የሚያራባ ማኅበር ባዘጋጀው ትርኢት ላይ ሜሪ ዳግላስ የተባለች ሴት ትልልቆቹም አይጦች እንዲወዳደሩ አስፈቅዳ፣ ራሷ ባቀረበችው ጥቁርና ነጭ አይጥ አሸነፈች፤ አይጥን የቤት እንስሳ አድርጎ በወግ የማርባት ነገር ከዚያ ቀን ይቆጠራል። ከእርሷ ግማሽ ምዕት ዓመት ቀደም ብሎ ጃክ ብላክ የተባለው፣ ራሱን የንግሥት ቪክቶሪያ አይጥ አዳኝ ብሎ የሚጠራው የለንደን ሰው፣ ሲያድን ያገኛቸውን ለየት ያለ ቀለም ያላቸውን አይጦች ሳይገድል አስቀርቶ እያዳቀለ ለወይዛዝርት ይሸጥ ነበር፤ ማለትም በአንድ እጁ የመጀመሪያዪቱን ማዕረግ እየፈጀ በሌላ እጁ ሦስተኛዪቱን ይሾም ነበር።

በዚያው በ1901 ከአይልስበሪ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ርቃ ከምትገኘው ከትሪንግ፣ ከባለ ባንኮቹ ከሮትሺልድ ቤተሰብ የተወለደው ቻርልስ ሮትሺልድ ወደ ሱዳን መጣ። የሰውዬው ሥራ ባንክ፣ ፍቅሩ ግን ቁንጫ ነበር፤ በዕድሜው ፍጻሜ ያከማቸው የቁንጫ ስብስብ ወደ 260 ሺህ ይደርሳል፤ ይህን ያህል ቁንጫ በፈቃዱ የሰበሰበ ሌላ ባለጠጋ መኖሩ አይነገርም። ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው፣ የአካባቢው ገዥ መክ ኒምር በ1822 የግብጹን ኢስማኢል ፓሻን ከነአጀቡ አቃጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሸሸባት በሸንዲ ከተማ፣ ሮትሺልድ እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረው አንድ ቁንጫ አገኘና በ1903 ታላቁን ፒራሚድ ባሠራው በግብጹ ንጉሥ በኬዎፕስ ስም ጠራው። ሸንዲ ከሜሮዌ ፒራሚዶች ብዙ የማትርቅ ስለሆነች፣ ከኩሽ ነገሥታት አንዱ ቢታወስ ምን ነበረበት የሚል የሱዳን ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ቁንጫው ቆይቶ የጥቁር ሞት የሚባለውን የወረርሽኝ በሽታ ከአይጥ ወደ ሰው በማሻገር ዋናው መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የኩሽ ነገሥታት ከዚህ ክብር ማምለጣቸው ሳይሻላቸው አልቀረም።

ከቁንጫው ወደ ቅንቅኑ ለመድረስ ወደ ካርቱም መመለስ ያስፈልጋል። የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ በ1902 ሲከፈት፣ መድኃኒት አምራቹ ሄንሪ ዌልካም በስጦታ ያስገባው ቤተ ሙከራ በውስጡ ተቋቋመ፤ ኮሌጁ በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሆነው ነው። የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ኃላፊ አንድሩ ባልፉር የተባለ የኤዲንብራ ሐኪም ሲሆን፣ ሰውዬው ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ራግቢ የተጫወተ፣ ከዚያም ላይ ልቦለዶችን ያሳተመ ነበር። ካርቱም ሲደርስ ትንኝን በየጉድጓዱና በየማድጋው እያሳደደ የከተማዪቱን ወባ ለመቀነስ ደከመ፤ በወንዙም ላይ ኩሌክስ በተባለች የእንፋሎት ጀልባ የሚጎተት ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ ነበረው። ኩሌክስ የትንኝ ወገን ስም ነውና፣ ትንኝ የሚያጠና ቤተ ሙከራ በትንኝ ሲጎተት መታየቱ የልቦለድ ደራሲ እጅ እንዳለበት ያስጠረጥራል።

ባልፉር ግን በትንኝ ብቻ አልተወሰነም። ዶሮዎች ሲሞቱበት በዶሮ መዥገር የሚተላለፈውን ደዌ መረመረ፤ የበረሃ ዝላይ አይጥ ሲያገኝ ደሟን አየ፤ ቡናማ አይጥ ስትያዝም እንዲሁ። በ1905 እና በ1906 ባሳተማቸው ጽሑፎች ውስጥ፣ በካርቱም አይጦች ነጭ የደም ሴል ውስጥ የሚኖር አንድ ረቂቅ ተሕዋሲ ገለጸ፤ ይህም ዛሬ ሄፓቶዞን ሙሪስ ይባላል። ተሕዋሲው ከአይጥ ወደ አይጥ እንዴት እንደሚሻገር ግን አልታወቀም ነበር። መልሱ የመጣው በ1908 ሲሆን፣ ያመጡትም የሁለተኛው ማዕረግ አይጦች ናቸው፤ በዋሽንግተን በአንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ነጫጭ አይጦች እየታመሙ ሲሞቱ ሚለር የተባለው ተመራማሪ ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ተመሳሳዩን ተሕዋሲ በደማቸው ውስጥ፣ ቀሪውን የሕይወት ዙሩን ደግሞ በላያቸው በሚርመሰመሰው ቅንቅን ሆድ ውስጥ አገኘ።

እዚህ ላይ ነገሩ ረጋ ብሎ መታየት ይገባዋል። ላይላፕስ ኤኪድኒነስ የሚባለው ይህ ቅንቅን፣ በእሾሃም ፀጉር የተሸፈነ፣ ቡናማ፣ ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው ያለ አጉሊ መነጽር ሊያየው የሚችል ነው። ከታመመች አይጥ ደም ሲመጥ ተሕዋሲውንም አብሮ ይመጣል፤ ተሕዋሲውም በቅንቅኑ ሆድ ውስጥ ወንድና ሴት ሆኖ ተዋልዶ ይራባል። ታዲያ ጤነኛዪቱ አይጥ የምትያዘው ቅንቅኑ ሲነክሳት ነው ብሎ የሚጠብቅ አንባቢ ይሳሳታል፤ የምትያዘው እርሷ ቅንቅኑን ስትበላው ነው። አይጥ ንጽሕና ወዳድ ፍጡር ናት፤ ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር ፊቷን በእጇ ታብሳለች፣ ፀጉሯን በጥርሷ ታበጥራለች፣ በዚህም መካከል ያገኘችውን ቅንቅን ትውጣለች። የነከሳትን በልታ ቂሟን የተወጣች ሲመስላት፣ የዋጠችው ጠላት የያዘው ተሕዋሲ ጉበቷ ውስጥ ገብቶ ይሰፍራል። ሳትታጠብ የምትውል አይጥ ከዚህ ዕጣ ታመልጥ ይሆን የሚለው ጥያቄ፣ ገላ መታጠብ ለሚሰለቻቸው ልጆች እንዳይነገር መጠንቀቅ የወላጆች ፈንታ ነው።

ከላይላፕስ ይልቅ ለሰው የሚብሰው ግን ሌላው፣ ኦርኒቶኒሰስ ባኮቲ የሚባለው፣ በተለምዶ የሞቃት አገር የአይጥ ቅንቅን የሚሉት ነው። ስሙን በ1913 ያወጣለት የብሪታንያ ሙዚየም ባልደረባው ስታንሊ ኸርስት ሲሆን፣ የተሰየመውም በአርተር ባኮት ስም ነው። ባኮት ለብዙ ዓመታት በለንደን የቢሮ ጸሐፊ ሆኖ የሠራ፣ በትርፍ ጊዜው የእሳት እራት የሚሰበስብ ሰው ነበር፤ ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሥራውን ትቶ የነፍሳት ተመራማሪ ሆነና በ1914 ማርቲን ከተባለ ተመራማሪ ጋር ሆኖ፣ ያ የሸንዲ ቁንጫ የወረርሽኙን ባክቴሪያ ሲመጥ ጉሮሮው እንደሚደፈን፣ የተራበው ቁንጫም ደጋግሞ ሲነክስ ያቀረሸውን ደም ከነባክቴሪያው በነከሰው ላይ እንደሚያፈስስ አሳየ። እንዲህ ሆኖ የሱዳኑን ቁንጫ ምሥጢር ያወጣው ሰው ስሙን ለቅንቅን ሰጠ። በ1922 ካይሮ ላይ የቅማል ተስቦን ሲያጠና በዚያው በሽታ ሞተ። ሊቃውንት ለባልንጀራቸው ሐውልት ማቆም ሲያቅታቸው ተባይ የሚሰይሙለት ለምን እንደሆነ ከውጭ ላለ ሰው አይገባም፤ ሐውልት ግን በርግብ ኩስ ሲበላሽ፣ ባኮት እስከ ዛሬ በየአገሩ አልጋ ላይ ሌሊት ሌሊት ይታወሳል።

አሁን ወደ እመቤቲቱ አይጥ እንምጣ። በእንግሊዝ በ1976 የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት አይጥ አርቢዎችም ሆኑ በሌላው ዓለም ያሉ ብጤዎቻቸው በሽቦ ቤቱ ዙሪያ ከሚገጥሟቸው ጣጣዎች ዋነኞቹ 3 የቅንቅን ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ራድፎርዲያ የሚባለው የፀጉር ቅንቅን ሲሆን፣ ዕድሜውን በሙሉ ከአይጧ ላይ ሳይወርድ፣ እንቁላሉን በፀጉሯ ሥር አጣብቆ ይኖራል፤ ጥቂት ሲሆን ምንም ምልክት አያሳይም፣ አይጧ ስታረጅ ወይም ስትታመም ግን ይበዛና ትከሻዋና አንገቷ ላይ በራሷ ጥፍር የተቧጨረ ቅርፊት ይታያል። ሁለተኛው ኖቶኤድረስ የሚባለው የእከክ ቅንቅን ነው፤ ይህኛው ቆዳ ውስጥ ዋሻ ቆፍሮ ስለሚኖር በጆሮዋ ጠርዝ፣ በአፍንጫዋና በጅራቷ ላይ ኪንታሮት የሚመስል ቢጫ ቅርፊት ያበቅላል። ሦስተኛው የባኮት ቅንቅን ነው። ከሁሉ ተንኮለኛው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም አይጧ ላይ አይኖርም።

የባኮት ቅንቅን ቀን ቀን በጉዝጓዙ፣ በሰጋቱራው፣ በመደርደሪያው ስንጥቅና በግድግዳው ፍንክት ተሸሽጎ ይውልና፣ ሲመሽ ወጥቶ ከአይጧ ደም ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላም ወደ መጣበት ይመለሳል። ሲራብ ግራጫ፣ ሲጠግብ ጥቁር ቀይ ነው። ከእንቁላል ተነሥቶ እስኪያድግ 2 ሳምንት ገደማ ቢበቃው፣ ሴቷ ደግሞ 2 ወር ያህል ስለምትኖር፣ የአይጧ ባለቤት አይጧን በብርሃን አገላብጦ አይቶ ንጹሕ ናት ብሎ በተደሰተ ማግስት የገዛ ወገቡ መታጠቂያ ላይ ቀያይ ነቁጥ ተሰልፎ ሊያገኝ ይችላል። የአይጧ ዓይን ዙሪያ ቀይ ፈሳሽ ቢያይ ደግሞ ደም አነባች ብሎ ይደነግጣል፤ ፈሳሹ ግን አይጥ ስትጨነቅ ወይም ስትታመም ከዓይኗ ኋላ ካለ ዕጢ የሚወጣ ቀለም እንጂ ደም አይደለም። ያም ሆኖ ቅንቅን የወረራት አይጥ ጭንቀቷን በዚህ መልክ ብትገልጽ አይፈረድባትም።

አይጥ አላሳድግም ያለው የካርቱም ቤት ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ እንዲያውም ነገሩ እዚህ ላይ ይከብዳል። የዴም ሰፈር ቤቶች ብዙዎቹ ሐውሽ በሚባለው ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ናቸው፤ ከኮርኒሱ በላይ ወይም ከጤፍ ጆንያው ኋላ አይጥ ጎጆ ሠርታ ስትወልድ፣ የባኮት ቅንቅንም በዚያው ጎጆ ይራባል። የቤቱ እመቤት በመጨረሻ መርዝ ገዝታ አይጦቹን ስትጨርስ ቤተሰቡ ድሉን በቡና ያከብራል። ቅንቅኑ ግን አልሞተም። ማዕዱ ተነሥቶበት ከጎጆው ወጥቶ በግድግዳው ይወርዳል፤ አይጥ በሌለችበት ቤት የቀረው ባለ ሞቃት ደም የአልጋው ባለቤት ብቻ ነውና ወደ አልጋው ይሄዳል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚለው ተረት እዚህ ይገለበጣል፤ አይጥ ስትመታ የሚበላው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ የሚከተለው ምርመራ የጎረቤት ነው። «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይታሽለት» የምትል አንዲት እትዬ አትጠፋም፤ ሌላዋ አልማዝ ባለጭራ እንዳይሆን ትሰጋለች፤ ሦስተኛዋ በርበሬው በዝቶ ነው ትላለች፤ ሱዳናዊቷ ጎረቤት በበኩሏ ሙቀት ነው ብላ ታጽናናለች፤ ከመካከላቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ዓይን ሳይኖርበት አይቀርም የምትልም ትኖራለች። ክሊኒክ የሄደው የእከክ ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ቅባቱ ሰው ቆዳ ውስጥ ለሚኖረው እከክ የታሰበ ስለሆነ፣ ነክሶ ወደ ግድግዳው በሚመለሰው በባኮት ቅንቅን ላይ የሚያመጣው ችግር የለም። ከ1 ወር በኋላ ቤተሰቡ ያልሞከረው ቢኖር ኮርኒሱን ከፍቶ የአይጧን ባዶ ጎጆ ማውጣት ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ግን እርሱ ነበር።

አልጋን በተመለከተ ግን ካርቱም ከብዙ ከተሞች የተሻለ ጥበብ አላት። አንገሬብ የሚባለው የሱዳን አልጋ የጎንደሩን የጠፍር አልጋ የሚመስል፣ 4 የእንጨት እግር ያለውና በገመድ ወይም በጠፍር የተጠላለፈ ነው፤ ገመዱ በየማእዘኑ እንጨቱን በስቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ ለማንኛውም ተባይ የተመቸ መዋያ ነው። የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አልጋው ወደ ሐውሹ ይወጣል፤ ሥሩ ነጭ አንሶላ ተነጥፎ እግሩ መሬት ሲመታ፣ ከማእዘኑ ቀዳዳ የአፈር ብናኝ የሚመስል ነገር ይረግፋል። ብናኙ ጥቂት ቢታይ ግን ይንቀሳቀሳል፤ ግራጫው በፍጥነት ወደ ጥላ ይሮጣል፣ የጠገበውና የጠቆረው ግን ሆዱ ከብዶት ይዘገያል፤ በጣት ሲጫኑት አንሶላው ላይ ቀይ ነጥብ ይቀራል፤ ያ ነጥብ ትናንት ሌሊት የማን ደም እንደነበር አለመጠየቅ ይሻላል። ከዚያ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ በየቀዳዳው ይፈስሳል። በሰሜኑ ዓለም ያለው የእመቤት አይጥ ጌታ ይህን ፀሐይ ስለማያገኝ፣ ጉዝጓዙን በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ለ1 ወይም ለ2 ቀን ያሳድረዋል፤ ውጤቱ ያው ሲሆን፣ ልዩነቱ ከበረዶው አጠገብ የነበረውን ዶሮ ለእንግዳ ማቅረብ ማሳፈሩ ብቻ ነው።

ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በካርቱም ስለ ቅንቅን የሚጨነቅ ሰው ጥቂት ነው። ጦርነቱ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሱዳን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተንከባካቢዎቹ ሊደርሱበት ስላልቻሉ በሕይወት የነበሩት እንስሳቱ በረኀብና በጥም አለቁ፤ ከዴምና ከጅሬፍ የወጣው ሐበሻ ብዙው በገዳሪፍ አድርጎ በገላባት በኩል መተማ ገባ።

በዚያው መንገድ ላይ ለቅንቅን የሚሆነው መድኃኒት ቀድሞ ተመላልሷል። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ይባላል፤ የጃፓኑ ሳቶሺ ኦሙራ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ከወሰደው አፈር ውስጥ ባገኘው ባክቴሪያና ዊልያም ካምቤል ባካሄደው ምርምር የተገኘ ሲሆን፣ ሁለቱም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለውበታል። የትልንና የቅንቅንን ነርቭ አሽመድምዶ ይገድላል፤ የሰውንና የአይጥን አንጎል ግን በተገቢው መጠን ሲሰጥ አይነካም። ከ1987 ጀምሮ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት፣ ማለትም በጥቁር ዝንብ ለሚተላለፈው ትል፣ በነጻ ሲታደል ቆይቶ፣ ሱዳን በ2012 ከካርቱም በስተ ሰሜን በዓባይ ዳር ባለችው በአቡ ሐመድ የበሽታው መተላለፍ መቆሙን አስታወቀች፤ በገላባትና በመተማ ደግሞ ዝንቡ ድንበር ስለማያውቅ ሁለቱ አገሮች ሥራውን እየተመካከሩ አካሂደዋል። ሱዳን ቁንጫውንና ተሕዋሲውን ለዓለም ስታስተዋውቅ፣ ዓለምም የተባዩን መድኃኒት በትል ሰበብ ወደ ሱዳን ላከች ማለት ነው።

የአወሳሰዱ ነገር ግን በማዕረግ ይለያያል፤ በዚህ አንድ ጉዳይ ቅንቅን ሳይሆን ሐኪም ነው ማዕረግ የሚያበዛው። የመተማና የገላባት ገበሬ መድኃኒቱን ሲቀበል የሚመዘንበት ሚዛን አይቀርብለትም ነበር፤ ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት አጠገብ ይቆምና ቁመቱ በደረሰበት መስመር ልክ ክኒኑ ይቆጠርለት ነበር፤ አጭርና ወፍራም ሰው በዚህ ቅር ቢለው ሰሚ አልነበረውም። እመቤት አይጥ ግን በግራም መመዘን አለባት፤ 300 ግራም ለምትሆን አይጥ የሚያስፈልገው 0.06 ሚሊ ግራም ያህል ስለሆነ፣ ይህም ለሰው ከሚሰጠው የ3 ሚሊ ግራም ክኒን 50ኛው እጅ ነውና፣ በጥፍር ቆርሶ መስጠት ወይም ለፈረስ ተብሎ ከሚሸጠው ቱቦ በግምት ጨምቆ ማላስ አይጧን ከቅንቅኗ ጋር አብሮ ወደ መቃብር መሸኘት ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ለዚህ ሥራ ቢያንስ ይበቃል፤ ችግሩ አይጧ በሚዛን ላይ ቆማ አለመጠበቋ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጎድጓዳ ሳህን ይመዘናል፣ አይጧ በሳህኑ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ጢሟን እያንቀጠቀጠች የሳህኑን ከንፈር ስትወጣ ቁጥሩ ይነበባል፣ የሳህኑ ክብደት ይቀነሳል፣ መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም በውሃ አሳስቶ በጠብታ ይሰጣል፣ ሽቦ ቤቱ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ ሰጋቱራው ይጣላል። አይቨርሜክቲን እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ የተፈለፈለው አዲስ ትውልድ እንዳይራባ መድኃኒቱ ይደገማል፤ በዚያ መካከል ግን አይጧ መድኃኒቱ ከማር ጋር የተሰጣት ከሆነ ወፍራ ስለምትቆይ፣ ሳህኑ እንደ አዲስ ወጥቶ ሚዛኑ እንደ አዲስ ይጀመራል።